የሐረርን ስፌት በኮምፒውተር መሳል፦ ፒክስልና ቬክተር

ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የታየ ሎጎ ባነር ላይ ሲወጣ የሚደበዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያ ቤቱ አጥፍቶ አይደለም። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያሳንሰዋል። ይህ ምስል 3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ፒክስል ከ2 ሚሊሜትር በላይ ስፋት ያለው ካሬ ይሆናል፤ ዓይን ካሬውን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ምስል ሲልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩ።

ፎቶ የፒክስል ምስል ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥራት (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ጄፔግ የሚባለው የፋይል ዓይነት ለፎቶ ይስማማል፤ ፋይሉን የሚያሳንሰው ግን ዝርዝር እየጣለ ነው። አርሞ እንደገና ባስቀመጡት ቁጥር ይጎዳል፣ በፊደል ዙሪያም ቆሻሻ ጥላ ይተዋል። ፒኤንጂ የሚባለው ዓይነት ግን ምንም አይጥልም፣ ጀርባውም ባዶ ሆኖ መቀመጥ ይችላል።

ቬክተር ከዚህ ይለያል። የሚያስቀምጠው «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ መስመር፣ ውስጡ ቀይ» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ በማንኛውም ስፋት ጠርዙ አይሰበርም። ሎጎ በቬክተር ይሠራ የምንለው ለዚህ ነው። ከሣር የሚሰፋው የሐረር ስፌት ደግሞ ለመለማመጃ የሚተካከለው የለም፤ ከመሐል ተነስቶ እየዞረ የሚያድግ፣ ቅርጹም የሚደጋገም ነውና። በነፃ በሚገኘው ኢንክስኬፕ በተባለ የቬክተር መሳያ ፕሮግራም እንሥራው።

የገጹን ስፋት 200 በ200 ሚሊሜትር ያድርጉ። ክብ ይሳሉና ከላይ ባሉት ሳጥኖች ኤክስና ዋይን 10፣ ስፋትና ቁመቱን 180 ያድርጉ፤ መሐሉ በትክክል የገጹ መሐል ላይ ያርፋል። ቀጥሎ 20 በ20 የሆነ ካሬ ይሳሉ። የጠርዝ መስመሩን ያጥፉ፤ ካልጠፋ የመስመሩ ውፍረት በልኩ ላይ ይደመራል። የ ] ቁልፍን ሦስት ጊዜ ይጫኑ። በየጫናው 15 ዲግሪ ስለሚዞር ካሬው 45 ዲግሪ ዞሮ ስፋቱ 28.28 ይሆናል። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ቁልፉ ላይታዘዝ ስለሚችል ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ኤክስን 85.86፣ ዋይን 33.08 ይስጡት።

አሁን ቅርጹን አንዴ እንደገና ጠቅ ሲያደርጉ መሐሉ ላይ የመስቀል ምልክት ይወጣል፤ የመዞሪያው እምብርት እሱ ነው። ስናፕን (የሚጎትቱትን ወደ ትክክለኛው ነጥብ ስቦ የሚያጣብቀውን) አብርተው ወደ ክቡ መሐል ይጎትቱት። ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ቢስት ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ስለዚህ አጉልተው ያረጋግጡ። ከዚያ ኮንትሮልና ዲን ተጭነው ያባዙ፣ ] ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ይህን 11 ጊዜ ሲደግሙ 12 ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ክቡን ይዞራሉ። ቅርጹን ከዚህ ወደ መሐል ቢያቀርቡት ይደራረባሉ፣ ወደ ውጭ ቢገፉት ክፍተት ይፈጠራል። ሁለተኛውን ቀለበት በሌላ የአለላ ቀለም፣ በትንሽ ካሬ መሐሉ ላይ ይጨምሩ።

ሎጎው ላይ የሱቁን ስም ሲጽፉ የግዕዝ ፊደል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርስዎ የተጠቀሙበት ፎንት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወይም ቅርጹ ተለውጦ ይወጣል። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) ባልተሠሩ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ የማይነበብ ይሆናል። ጽሑፉን መርጠው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ፊደሉ ወደ መስመር ይቀየራል፣ ፎንትም አያስፈልገውም። ከዚህ በኋላ በኪቦርድ ማረም ስለማይቻል የሚታረመውን ቅጂ አስቀድመው በኤስቪጂ (በቬክተር ፋይል) ለብቻው ያስቀምጡ።

ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ፣ ለስልክ ደግሞ ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ ያውጡ። ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ሲሆን ማተሚያው ግን ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ይቀላቅላል። ደማቅ አረንጓዴና ሐምራዊ ታትመው ሲወጡ የሚፈዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ባነር ከማዘዝዎ በፊት በዚያው ማሽንና በዚያው ጨርቅ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ናሙና ያሳትሙ።