የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ተከልክላችሁ ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ፦ የጉዳቱን ፐርሰንት አጽፉ
አዳማ ነው። ወንድሜን ሥራ ላይ ማሽን እጁን ይዞት ሁለት ጣቱ አልታጠፍ አለ፤ አሠሪው ግን «ድኗል» ብሎ ካሳ ከለከለ። ከሰስን። የሐኪም ወረቀት፣ ራጅ፣ ምስክር፣ ሁሉንም አቀረብን፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሆነ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ለካ ወረቀቱ «ቋሚ ጉዳት» ይላል እንጂ ስንት በመቶ እንደሆነ አይልም፤ ያለ ፐርሰንት ደግሞ ካሳው አይሰላም።

የሠራው ይሄ ነው፦ ችሎቱ ለሆስፒታሉ ትእዛዝ እንዲጽፍልን በማመልከቻ ጠየቅን፣ ወንድሜ ሕክምና ቦርድ (የጉዳቱን መጠን የሚወስኑ ሐኪሞች) ፊት ቀረበ፣ 20 በመቶ ተብሎ ማህተም ተመታበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዝ በአምስት ተባዝቶ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በፐርሰንቱ ልክ ነው። ስለዚህ የ20 በመቶው ካሳ ሙሉ የአንድ ዓመት ደመወዝ ሆነ፣ ተፈረደልን። በነገራችን ላይ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለውም፤ ክፈሉ የሚላችሁን እንዳትሰሙ።