የፕሮስቴት ዕጢን ቆዳ ሳይቀደድ ለመታከም ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደሴ ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት የሚነሣ ሰው ነገሩን በብርዱ ቢያሳብብ የሚፈርድበት የለም። አባቴም «የጦሳ ብርድ ነው» እያሉ፣ ባለ ሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አልጋቸው ሥር አስቀምጠው ሁለት ክረምት አሳልፈዋል። ነገሩ የተገለጠው ኮምቦልቻ እህቴ ቤት የሰነበቱ ጊዜ ነው፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሆነውም ሱብሂ እስኪደርስ ያው አምስት ጊዜ ይነሡ ነበር። ጥፋቱ የብርዱ ሳይሆን የፕሮስቴት ነበር፤ ይህ በወንዶች ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከብቦ የሚገኝ ዕጢ በዕድሜ እያደገ ሲሄድ ቧንቧውን ይጫነዋል።

ምልክቱን በብርድ ወይም በእርጅና አሳብቦ መቆየት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ከፊኛ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ የሚቀረው ሽንት ኢንፌክሽንና ጠጠር ሊያመጣ፣ ሲብስም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሌሊት ሽንቱ ጭራሽ ከቆመ ደግሞ ታካሚው ስለ ሕክምና ዓይነት ለመምከር ጊዜ ሳያገኝ በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ይጀምራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በኀፍረት ምርመራን መሸሽ ነው። ሐኪሙ ዕጢውን በፊንጢጣ በኩል በጣቱ የሚዳስሰው ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ነው። ይህ ዓይነቱ የዕጢ ማደግ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ዳሰሳውና ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ ከሕክምናው መቅደም አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሕክምናውን በስሙ ሲመርጥ ነው። ጎረቤት በሌዘር ታክሞ ስለዳነ «እኔም ሌዘሩን» ይባላል። በስፋት በተለመደው ቲዩአርፒ፣ ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ መተላለፊያውን የዘጋውን ሥጋ በኤሌክትሪክ እየላገ ያወጣል፤ ዩሮሊፍት ምንም ሳይቆርጥ ዕጢውን በትናንሽ ማሰሪያዎች ወደ ጎን ስቦ ይይዘዋል፤ ሬዙም ደግሞ በውኃ እንፋሎት ሥጋውን ያከስመዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዩሮሊፍትን በ2013፣ ሬዙምን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈቅዷል። የወጣት ሰው ዕጢ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሬዙም በአብዛኛው የሚመከረው ከ30 እስከ 80 ግራም ለደረሰ ነው፤ ከዚያ እጅግ ለገዘፈው ሥጋውን በጨረር የሚቆርጠው ሆልሚየም ሌዘር ወይም ክፍት ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ስለዚህ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት በአልትራሳውንድ የተለካው ዕጢ ስንት ግራም እንደሆነ ነው።

የሚወስዱትን ነገር መደበቅም ብዙ ችግር ያመጣል። አስፒሪንና ዋርፋሪን ደም ስለሚያቀጥኑ ሐኪሙ ሳያውቅ መታከም አደጋ አለው፤ በራስ ፈቃድ ማቆምም እንዲሁ። ጫትና አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች የፊኛን አንገት ስለሚያጠብቁ የሽንቱን ፍሰት ያዳክማሉ፤ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን ለሐኪሙ ቢናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ ዘር ፈሳሽ አለመጠየቅ ኋላ ባልና ሚስትን ያስደነግጣል። ከቲዩአርፒ በኋላ በአብዛኞቹ ወንዶች ላይ ፈሳሹ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ጤና አይጎዳም፣ ስንፈተ ወሲብም አይደለም፤ ነገር ግን ገና ልጅ የሚፈልግ ሰው (በአገራችን በስልሳ ዓመቱ የሚወልድ ብርቅ አይደለም) አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል፤ ዩሮሊፍት ይህን ችግር አያመጣም፣ ሬዙምም እምብዛም አያመጣም።

አባቴ ቲዩአርፒ ተሠርቶላቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ከውጭ የሚታይ ስፌት ባለመኖሩ ነገሩን አቃለሉት። በአሥራ አንደኛው ቀን ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከባጃጅ ለማውረድ ጎንበስ አሉ፤ ማታ ሽንታቸው የቀይ ሥር ጭማቂ መሰለ። የውስጡ ቁስል ቅርፊት የሚለቀው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ ያኔ መድማት ያጋጥማል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አለማንሣት፣ ለሰገራ አለማማጥና ውኃ በብዛት መጠጣት ያስፈልጋል፤ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ሽንቱ ከታፈነ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

በሬዙም የታከመ ሰው ሙሉ ለውጡን የሚያየው ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ ማቋረጥ የለበትም። በእነዚህ ዘዴዎች በሙሉ ደግሞ ካንሰር ሊነሣበት የሚችለው የዕጢው ውጫዊ ክፍል በቦታው ስለሚቀር፣ የፒኤስኤ ክትትሉ በየስንት ጊዜው እንደሚቀጥል በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።