ስለ አረጋውያን እንቅስቃሴና ስለ መርሳት ሕመም ለሚደረግ ጥናት የድኅረ ዶክትሬት ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል?

እኔ በምኖርበት፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለው በኮዬ ፈጬ አረጋዊ እናት ወይም አባት ይዘው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። በእኛ ብሎክ ያሉ አንዲት እናት፣ ልጆቻቸው «መርሳት አበዙ» ማለት ከመጀመራቸው ከአንድ ዓመት ያህል በፊት ገበያ መውረድ ትተው ነበር። ሁላችንም ጉልበታቸው ደከመ ብለን አለፍነው። የእርምጃቸው መዘግየትና የሐሳባቸው መበተን ከአንድ ምንጭ ሊመነጩ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ በሙያዬ ምክንያት ማሰብ የነበረብኝ እኔም እንኳ አላሰብኩም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወደ ጥናት ለመለወጥ ገንዘብ ለሚፈልጉ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በቅርቡ ላጠናቀቁ የፊዚዮቴራፒ፣ የነርቭ ሕክምና፣ የሕብረተሰብ ጤና ወይም የምህንድስና ባለሙያዎች ነው። ልጃቸው ወይም ወንድማቸው «ፖስትዶክ እየፈለግሁ ነው» ሲላቸው ነገሩን መረዳት ለሚፈልጉ ሰዎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ድኅረ ዶክትሬት (ፖስትዶክ) ሌላ ዲግሪ አይደለም። ልምድ ባለው ተመራማሪ ሥር ሆነው፣ ደመወዝ እየተከፈለዎት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የራስዎን የምርምር መስመር የሚያበጁበት የሥራ ዘመን ነው። ገንዘቡ ከአማካሪዎ ፕሮጀክት ሊመጣ ይችላል፤ ከዚህ በታች የማብራራው ግን አመልካቹ በራሱ ስም የሚጠይቀውን ድጋፍ ነው።

1. ጥያቄውን ከደጅዎ ጀምረው ያጥብቡት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዲሜንሺያ (የመርሳት ሕመም) አለባቸው፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ይህ ቁጥር በመቶዎች በሚቆጠሩ ማመልከቻዎች መግቢያ ላይ ስለሚጻፍ ብቻውን ገምጋሚን አያሳምንም። የሚያሳምነው እርስዎ ያዩት፣ ሌላው ግን ያላየው ነገር ነው።

«እርጅናና እንቅስቃሴ በኢትዮጵያ» የሚለው ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። በአንጻሩ «አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ የእርምጃ ፍጥነታቸውና የማስታወስ ችሎታቸው ምድር ቤት ከሚኖሩት ይበልጥ ይቀንሳልን?» የሚለው መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው። እንዲህ ሲያጠቡት ድክመቱም ወዲያው ይታያል። ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ቤታቸውን አከራይተው ምድር ቤት ሊከራዩ ስለሚችሉ፣ ላይ የቀሩት ከመጀመሪያውም ጠንካሮቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደረጃ መውጣት ጤና የሚሰጥ ይመስላል። ይህን ገምጋሚው ሳይጠይቅዎት እርስዎ ቀድመው ይጻፉት፤ ሰዎቹ ቤት የቀየሩበትን ጊዜና ምክንያት እንደሚመዘግቡም ያስረዱ።

ሳይንሳዊ መሠረቱ አለ። መራመድ የእግር ሥራ ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫን ማቀድ፣ ትኩረትን መከፋፈልና እንቅፋትን ማለፍ ሁሉ የአንጎል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን የተደረገ አንድ ጥናት፣ እየተራመዱ ሲያነጋግሯቸው ቆም የሚሉ አረጋውያን ከሌሎቹ ይበልጥ በቀጣዮቹ ወራት እንደሚወድቁ አሳየ። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ ደግሞ ዲሜንሺያ ሳይኖር የእርምጃ መዘግየትና የማስታወስ ቅሬታ አብረው ሲታዩ ራሱን የቻለ የአደጋ ምልክት ተደርጎ ስም ወጥቶለታል፤ ምልክቱ ያለባቸው ሰዎች በኋላ ዲሜንሺያ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

2. መለኪያዎን ከሰዉ ኑሮ ጋር ያስማሙ

ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የእንቅስቃሴ መለኪያዎቹ ርካሽ ናቸው። ወንበር፣ የሜትር ገመድና ሰዓት መያዣ ይበቃሉ። በተለመደ እርምጃ 4 ሜትር ማስኬድ አንዱ ነው፤ በሰከንድ 0.8 ሜትርና ከዚያ በታች፣ ማለትም አራቱን ሜትር ለመጨረስ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ መውሰድ፣ እንደ ዝግታ ከሚቆጠሩ ወሰኖች አንዱ ነው። ሌላው ከወንበር ተነሥቶ፣ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥን የሚለካው ሲሆን 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበት ሰው የመውደቅ ስጋት እንዳለበት ይገመታል። ሚዛንን፣ የ4 ሜትር እርምጃንና አምስት ጊዜ ከወንበር መነሣትን አጣምሮ ከ0 እስከ 12 ነጥብ የሚሰጠው መለኪያም በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል።

አስቸጋሪው የአእምሮ መለኪያው ነው። በእግር ጉዞ ላይ ሐሳብን ለመፈተን ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር የተለመደ ነው፤ ፊደል ላልቆጠሩ እናት ግን ይህ የማስታወስ ሳይሆን የትምህርት ፈተና ይሆናል። በምትኩ የእንስሳትን ስም ያስጠሯቸው። በታንዛኒያና በናይጄሪያ በተደረጉ ጥናቶች የተዘጋጀው አይዲኢኤ የተባለው አጭር መመርመሪያ እርሳስ አያስይዝም፤ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያሠራል እንጂ። የትኛውንም ቢመርጡ ትርጉሙን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሱት፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሱት። በከተማዋ ዳርቻ አንዱን ቋንቋ ብቻ ይዞ መሄድ የናሙናውን ግማሽ ደጅ ላይ መተው ሊሆን ይችላል።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ «በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር? በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ስንት ልጅ ወልደው ነበር?» እያሉ የሚያሰሉበት የድርጊቶች መዝገብ ያዘጋጁ፤ በማመልከቻዎም ይግለጹት። የውጭ ገምጋሚ የዕድሜ ስሌት እንዴት እንደሚሠራ ሲያይ ቦታውን እንደሚያውቁት ያምናል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮችን አይርሱ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኮብልስቶን ባልደረሰበት መንገድ ላይ ጭቃው ሰዉን ቤት ስለሚያውል፣ በክረምት የተለካ የእንቅስቃሴ መጠን ከጥር ጋር አይወዳደርም። በዐቢይ ፆም ወይም በረመዳን ከሰዓት በኋላ የሚለኩት ሰው ደግሞ ምግብና ውኃ ያልቀመሰ ሊሆን ይችላል። የመለኪያ ቅጹ ላይ «ዛሬ በልተዋል?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምንም አያስወጣም።

3. ትንሽ ሙከራ ያድርጉ

ከ20 እስከ 30 ሰዎች በቂ ናቸው። የሙከራው ዓላማ ውጤት ማግኘት አይደለም፤ ስንት ሰው እሺ እንዳለ፣ ስንቱ በሁለተኛው ቀጠሮ እንደተገኘ፣ አንድ ሰው ለመለካት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ማወቅ ነው። ሰዎቹን ለማግኘት በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በእድር በኩል ይሂዱ። የእድሩ ጸሐፊ በየትኛው ብሎክ ማን እንደታመመና ማን ለቀብር መምጣት እንዳቆመ ከማንም መዝገብ በላይ ያውቃል። ሆኖም እድሩ ሰዎቹን ያስተዋውቅዎት እንጂ አያስፈርምልዎት፤ «እድሩ ያለው ነው» ብሎ የተስማማ ሰው በፈቃዱ ተስማማ ማለት አይቻልም።

4. የገንዘብ ምንጩን ይምረጡ

የሚከተሉት ሁሉም የአልዛይመርን (በብዛት የሚታየውን የዲሜንሺያ ዓይነት) ወይም የአረጋውያንን ጥናት የሚቀበሉ ሲሆኑ፣ ዋናው ልዩነታቸው የት ሆነው እንደሚሠሩ ነው።

በአገር ውስጥ ተቀምጠው መሥራት ከፈለጉ የእንግሊዙ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ዌልካም ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠው «ኧርሊ ካሪየር አዋርድ» ትልቁ ዕድል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት የሚሰጥ ሲሆን፣ ከደመወዝ በተጨማሪ ለምርምር ወጪ እስከ 400 ሺህ ፓውንድ ይፈቅዳል፤ አስተናጋጅ ተቋሙም (ተመራማሪው የሚሠራበት ተቋም) እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው አልዛይመርስ አሶሲዬሽን የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕም (ለተመራማሪው በስሙ የሚሰጥ ድጋፍ) ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተመራማሪዎች ክፍት ነው። በመጀመሪያ የፍላጎት ደብዳቤ ይቀርብለታል፤ ሙሉ ማመልከቻ የሚያስገባው የተጋበዘ ብቻ ስለሆነ፣ ለደብዳቤው የሚያወጡት ድካም ከሙሉው ማመልከቻ ማነስ የለበትም።

በደብሊንና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ግሎባል ብሬን ሄልዝ ኢንስቲትዩት ከገንዘቡ ይልቅ በሥልጠናው የሚታወቅ ነው፤ ፌሎዎቹ ከሥልጠናው በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለሚጀምሩት ጥናት በ25 ሺህ ዶላር አካባቢ ላለ የመነሻ ድጋፍ ሊወዳደሩ ይችላሉ። ለዚህ ዘርፍ አዲስ ለሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው ይህንን ነው፤ በገንዘብ መጠን ባይሆንም በሚያገናኘው ሰው ይበልጣል።

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ወደ አውሮፓ ይወስድዎታል። ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በሚሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ ኖረው ወይም ሠርተው ከሆነ አይፈቀድልዎትም። ጠቃሚው ነገር ከዘመኑ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በሌላ ተቋም፣ በማንኛውም የዓለም ክፍል ማሳለፍ መቻሉ ነው፤ የሁለት ዓመት ፌሎሺፕ ከሆነ እስከ ስምንት ወር በአዲስ አበባ ዳርቻ የመስክ ሥራ ሊሠሩበት ይችላሉ ማለት ነው።

5. አስተናጋጅና አማካሪ

አንድ አማካሪ አይበቃም። ስለ እርምጃ የሚያውቅ ሰው ስለ ዲሜንሺያ ላያውቅ ይችላል፤ በአገር ውስጥ ያለውና በውጭ ያለውም የሚሰጡት እርዳታ ይለያያል። ለእንግዳ ፕሮፌሰር በሚጽፉት የመጀመሪያ ኢሜይል የሕይወት ታሪክዎን አያስረዝሙ፤ ጥያቄዎን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የሙከራዎን ውጤት በአንድ አንቀጽ፣ የሚያመለክቱበትን ፌሎሺፕና የማብቂያ ቀኑን በአንድ መስመር ይጻፉ። ሦስት ሳምንት ቆይተው አንድ ጊዜ ያስታውሱ። ከአገር ውስጥ ተቋምዎ የሚፈልጉትን የድጋፍ ደብዳቤ ግን ከሁለት ወር በፊት ይጠይቁ፤ ፈራሚው ለስብሰባ ክፍለ ሀገር ስለወጡ ብቻ ያመለጠኝን ማመልከቻ አልረሳውም።

6. የሥነ ምግባር ፈቃድ

የተቋምዎ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ ሙከራውንም ቢሆን አይጀምሩ፤ ከውጭ ተቋም ጋር የሚሠሩ ከሆነ ብሔራዊው ኮሚቴም ማየት ይኖርበት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የማስታወስ ችሎታው የሚቀንስ ሰው ዛሬ የሰጠውን ፈቃድ በሚቀጥለው ዓመት ላያስታውሰው ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱን በየጉብኝቱ እንደገና ይጠይቁ፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ባለበት ያንብቡላቸው፣ ቤተሰቡ ቢስማማም እንኳ እርሳቸው ራሳቸውን ከነቀነቁ ያቁሙ። የሰዎቹን መረጃ አያያዝም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለሚመለከተው፣ ስምና ውጤት በተለያየ ቦታ እንደሚቀመጡ በማመልከቻው ይጻፉ።

7. በጀት

ሰው የሚረሳቸውን ወጪዎች ብቻ ልጥቀስ። አራተኛ ፎቅ ያሉ አረጋዊ ወደ መለኪያው ቦታ የሚመጡበት የኮንትራት ታክሲ፣ አብሯቸው የሚመጣው ሰው የሚያጣው የቀን ገቢ፣ ከውጭ የሚገባ የእንቅስቃሴ መመዝገቢያ መሣሪያ ቀረጥ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ፣ እንዲሁም በመለኪያ ጊዜ ሰው ቢወድቅ የሕክምናው ወጪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ በብር የሚከፈለውንና በውጭ ገንዘብ የሚገዛውን ለየብቻ ይዘርዝሩ፤ የተጠቀሙበትን ተመንና ቀኑንም ይጻፉ።

8. ማስገባትና እንደገና መሞከር

የማብቂያ ቀኑን በራስዎ አቆጣጠር ይመልሱት። የማሪ ኩሪ ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2024 የተዘጋው መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፤ በ2025 ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን። በብራስልስ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ማለት በበጋ ሰዓታቸው በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ቤተሰብ በሚሰበሰብበትና ኢንተርኔት ሊደክም በሚችልበት በዚያ ሰዓት ላይ ሳይሆን ከአንድ ሳምንት በፊት ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ጥሪው እስኪዘጋ ድረስ የተሻሻለውን ቅጂ መተካት ይቻላል።

ከመላክዎ በፊት የሙያው ያልሆነ አንድ ሰው ማጠቃለያውን እንዲያነብልዎት ያድርጉ፤ ማንን እንደሚለኩና ለምን እንደሚለኩ በራሱ ቃል መልሶ ካልነገረዎት እንደገና ይጻፉት። ካልተሳካ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ያንብቡትና ለእያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሚያደርጉ ይጻፉ። በ2025ቱ የማሪ ኩሪ ጥሪ፣ ባለፈው ዓመት ከ70 በመቶ በታች ያገኘ ማመልከቻ ከዚያው አስተናጋጅ ተቋም ጋር ተመልሶ መግባት አይፈቀድለትም ነበር፤ ደንቡ በየጥሪው ሊለወጥ ስለሚችል የዓመቱን መመሪያ ይመልከቱ፣ ከመጀመሪያውም ሁለተኛ አስተናጋጅ በአእምሮዎ ይያዙ።