ካርዱ በማን እጅ ነው? የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን ከገንዘብ ጥቃት ለመታደግ ሲሞከር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአቦርጂናሎችና በቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጆች ዘንድ ያለው ለሌለው ማካፈሉ የዝምድና ግዴታ ነው፤ ዕቁብና ዕድር ባለበት ቤት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከትዳር አጋሯ የገንዘብ ጥቃት፣ ማለትም ገንዘቧን በመቆጣጠር የሚፈጸም በደል፣ ለደረሰባት ሴት ድጋፍ የሚሰጥ ባለሙያ ከሁሉ በፊት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የድጎማ ክፍያዋ በገባ ዕለት ለእህቷ ልጅ ሃምሳ ዶላር መስጠቷን ሰምቶ «እየተበዘበዙ ነው» የሚላት አለ፤ ባሏ የባንክ ካርዷን ከነሚስጥር ቁጥሩ ይዞ የዳቦና የወተት ደረሰኝ ሳይቀር እንደሚያስቆጥራት እያየ «ባህላቸው ነው» ብሎ የሚያልፍም አለ። በእኔ ሚዛን የሁለተኛው ጥፋት ይከብዳል። ልዩነቱን ለማወቅ «ካርዱ አሁን የት ነው ያለው? እርስዎ ሲቸግርዎት እነሱስ ይደርሱልዎታል? አይሆንም ቢሉ ምን ይከተላል?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመተጋገዝ ውስጥ የሰጠ ሰው ተራው ሲደርስ ይቀበላል፤ እምቢ ማለትም ቢበዛ ኩርፊያ እንጂ ዱላ አያስከትልም።

ሌላው ስህተት ገንዘቡን ከባልየው አስለቅቆ በድርጅቱ ወይም በረዳቱ እጅ ማስገባት ነው። ከአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በኩዊንስላንድ፣ መንግሥት የአቦርጂናል ሠራተኞችን ደመወዝ ለአሥርት ዓመታት በሞግዚትነት ስም ይይዝ ስለነበር «የተሰረቀ ደመወዝ» የተባለው ክስ እ.ኤ.አ. በ2019 በ190 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜናዊው ግዛት በተጀመረው የገቢ ቁጥጥርም የብዙዎች ድጎማ ግማሹ በተፈቀዱ ዕቃዎች ላይ ብቻ እንዲውል ተደርጓል። ይህን የቀመሰ ቤተሰብ «ገንዘብዎን እኛ እንጠብቅልዎ» የሚለውን ቃል በበጎ አይሰማውም።

ሒሳቡን በችኮላ መዝጋትም አደጋ አለው፤ የለውጡ መልእክት ባልና ሚስት በሚጋሩት ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላልና። በቅድሚያ በሌላ ባንክ በስሟ ብቻ ሒሳብ ተከፍቶ፣ ደብዳቤው ባልየው ወደማያየው አድራሻ እንዲላክ ተደርጎ፣ ከዚያ በኋላ የሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ ከፋይ መሥሪያ ቤት) ክፍያዋ ይዛወራል፤ በዚያው አጋጣሚ ባልየው በእሷ ስም ክፍያ ተቀባይ ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ይጣራ። የልደት የምስክር ወረቀት የላትም ተብላ ብትመለስ፣ ባንኮች ከማኅበረሰቡ የታወቀ ሰው የሚሰጠውን ምስክርነት መቀበል እንደሚችሉ ማስታወስ ይገባል። አሮጌው ሒሳብ ክፍት ከቀረ ደግሞ ማስፈራሪያ ይገባበታል፦ ኮመንዌልዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባደረገው ማጣራት፣ በሦስት ወራት ውስጥ ከ8,000 በላይ ደንበኞች ብዙ ጊዜ ከአንድ ዶላር ባነሰ ዝውውር ማብራሪያ ላይ የተጻፈ ስድብና ዛቻ መሰል መልእክት ደርሷቸው ነበር።

ስለ ዕዳዋ ሳይጠይቁ መቅረትም የተለመደ ስህተት ነው። መኪናው በእሱ እጅ፣ ብድሩ በእሷ ስም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ለአበዳሪው የመክፈል ችግር እንዳለ በጊዜ ማሳወቅ ያሻል።

በመጨረሻም ፖሊስ ጋ እንሂድ ብሎ መጀመር ብዙ ሴቶችን ያሸሻል። ልጆች ከአቦርጂናል ወላጆች የተነጠቁበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በፓርላማ ይቅርታ ቢጠየቅበትም፣ ዛሬም ስለሚታወስ ባለሙያው በሕግ ለማመልከት የሚገደደው የትኛውን ጉዳይ እንደሆነ ከንግግሩ በፊት ሊነግራት ይገባል። አስተርጓሚ ካስፈለገም በትንሽ መንደር ውስጥ የባልየው ዘመድ ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙን አስቀድሞ ነግሯት ካልተመቻት ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልግላት።