በእጅ የሚከፈት ቆርኪ፦ አልዞር ሲል፣ ጋዝ ሲያፈተልክና ጣት ሲቆርጥ

ቆርኪው ጠበቀ የሚል ቅሬታ ሲመጣ የማሸጊያውን ማሽን ማላላት፣ ጋዙ አለቀ የሚል ሲመጣ ደግሞ መልሶ ማጥበቅ በዚህ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ሁለቱን ችግሮች በአንድ መስመር ጫፍና ጫፍ ላይ እንዳሉ አድርጎ ስለሚያይ፣ ሠራተኛውን ከአንዱ ቅሬታ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል እንጂ አንዱንም አይፈታም። ጋዙን የሚያግደው፣ የቆርኪውን የውስጥ ላስቲክ በጠርሙሱ ከንፈር ላይ ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ነው። እጅን የሚታገለው ግን ሌላ ነው፤ ከፊሉ ላስቲኩ በመስታወቱ ላይ ሲንሸራተት ከሚፈጠረው ሰበቃ፣ ከፊሉ ደግሞ ብረቱ የአንገቱን ጥምዝ፣ ማለትም በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚሄደውን ጉብታ፣ ከሚነክስበት ቦታ ይመጣል። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ የተበላሸው መጫኑ ነው ወይስ መዞሩ?

ምን ያህል መጫን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። ላስቲኩ የሚያሽግበት ክብ ዲያሜትሩ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 380 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የውስጡ ግፊት 2 ባር ሲሆን ቆርኪውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 76 ኒውተን ነው። ጠርሙሱ በፓስቸራይዘር (መጠጡን አሙቆ ጀርም በሚገድለው ማሽን) ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ግፊቱ ወደ 6 ባር ሲጠጋ ግን ኃይሉ 228 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም የ23 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ነው። ቆርኪው በእውነት የሚፈተነው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በዚያች የሙቀት ሰዓት ስለሆነ፣ ከዚህ ኃይል በታች የሚወርድ ማንኛውም ማላላት መፍትሄ ሊባል አይችልም።

ከሁሉ በፊት፦ ቆርኪውና ጠርሙሱ ጥንድ ናቸው?

ዊልያም ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ቆርኪ 24 ጥርስና ከውስጡ የቡሽ ሽፋን ነበረው፤ ዛሬ የተለመደው 21 ጥርስ ሲሆን በቡሹ ቦታ ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ ገብቷል። ያ ቆርኪ በመክፈቻ እንዲነሳ የታሰበ ነው። በእጅ የሚዞረው ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይለይም፤ ነገር ግን ላሜራው ለስለስ ያለ፣ የውስጥ ላስቲኩም የሚያንሸራትት ቅባት የተቀላቀለበት ነው፤ የሚገጥምለትም ጥምዝ ያለው አንገት ብቻ ነው። ለመክፈቻ የተሠራው ጠንካራ ቆርኪ ጥምዝ ባለው አንገት ላይ ቢታሸግ ብረቱ የጥምዙን ቅርጽ በሚገባ አይከተልም፤ ስለዚህ ለመዞር ይከብዳል፣ ጋዝም ያሳልፋል። ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ጠርሙስ ላይ ከታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ መምታታት ነው፤ መፍትሄውም ማሽኑን መንካት ሳይሆን ሳጥኑን መለየት ነው።

ቆርኪው አልዞር ሲል

ቆርኪው የማሸጊያው ማሽን ሾጣጣ ቀለበት ወደ ታች ሲወርድበት ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ላሜራውም በጥምዙ ጉብታና ስርጉድ ላይ ተጭኖ የራሱን ጥምዝ ያወጣል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ላሜራው ጠንካራ ከሆነ ቀለበቱ ሲነሳ በመጠኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ያወጣው ጥምዝ ያልጠለቀና ያልተስተካከለ ይሆናል፤ የሚከፍተው ሰው ቆርኪውን ማዞር ብቻ ሳይሆን ብረቱን በየጉብታው ላይ እንደገና ማጠፍ ይኖርበታል። ይህ በእጅ በግልጽ ይታወቃል፤ መዞሩ አንድ ወጥ ሳይሆን ፈቀቅ እያለ የሚነክስ፣ እየፋቀ የሚሄድ ሆኖ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ቆርኪ ከፍተው ውስጡን በማጉያ መነጽር ቢያዩት በጥርሶቹ ጫፍ ላይ የተፋቀ መስመር ያገኛሉ። መፍትሄው ለስለስ ያለ ላሜራ ማዘዝ ወይም የጥምዙን ጉብታ ዝቅና ክብ አድርጎ መንደፍ ነው። ለስላሳነቱም ቢሆን ወሰን አለው፤ እጅግ ከለሰለሰና ከሳሳ ግፊት ሲጨምር ጠርዙ ይከፈታል፣ ቆርኪውም ጥምዙን ለቆ በባዶ ይዞራል።

መዞሩ የማይነክስ፣ ግን ገና ከመጀመሪያው ጠንክሮ የሚይዝና ካለፈ በኋላ በድንገት የሚለቅ ከሆነ ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ትክክለኛው መድኃኒት በላስቲኩ ውስጥ ያለውን የሚያንሸራትት ቅባት መጨመር ወይም ዓይነቱን መለወጥ ነው፤ ምክንያቱም በላስቲኩና በመስታወቱ መካከል ያለው ሰበቃ በግማሽ ቢቀንስ፣ የመጫኛው ኃይል ምንም ሳይነካ ከላስቲኩ የሚመጣው ተቃውሞ በግማሽ ይወርዳል። ማሽኑን በማላላት ይህን ያህል ቅለት ለማግኘት ቢሞከር ግን መጫኑም አብሮ በግማሽ ይወድቃል። ቅባት ሲጨመር ግን የመጠጡን ጣዕምና የአረፋውን ሁኔታ አብሮ መፈተን ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከልክ ያለፈ መጭመቅ ነው። ለተለመደው የ26 ሚሊ ሜትር አፍ፣ ከታሸገ በኋላ የሚለካው የጥርሶቹ የውጭ ዲያሜትር ብዙውን ጊዜ ከ28.6 እስከ 28.8 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከዚያ በታች ሲሆን ብረቱ መስታወቱን ይነክሳል፤ ላስቲኩም ከመጨመቅ አልፎ ሊቆረጥ ይችላል። ዲያሜትሩን በካሊፐር (ስፋትን በሁለት መንጋጋ ይዞ በሚለካ መሣሪያ) በአንድ አቅጣጫ ብቻ መለካት አይበቃም፤ ጠርሙሱን እያዞሩ ሦስት ቦታ መለካት ያስፈልጋል፤ አማካዩ ልክ ሆኖ ሳለ ክቡ ሞላላ የሆነ ቆርኪ በአንድ በኩል ነክሶ በሌላው በኩል ያፈተልካልና።

አራተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያስበውም፤ መስታወቱ ራሱ ነው። ጠርሙሱ የሚወጣበት ፎርማ ሁለት ክፋይ ስለሆነ፣ ክፋዮቹ የሚገናኙበት መስመር በአንገቱ ጥምዝ ላይ ያልፋል። ፎርማው ሲያረጅ ያ መስመር ጎልቶ ይወጣና እንደ ማገጃ ይሆናል። ጣትን በጥምዙ ዙሪያ በቀስታ ማዞር ብቻውን ይህን ያጋልጣል። እንዲህ ያለው ጠርሙስ የትኛውም ቆርኪ ቢታሸግበት በዚያው ቦታ ስለሚይዝ፣ መታረም ያለበት ፎርማው ነው።

በታሸገ ዕለት ቀሎ ከሳምንት በኋላ ሲጠብቅ

የማዞሪያ ጉልበት በታሸገ ሰዓት ብቻ ተለክቶ የሚጸድቅ ከሆነ ይህ ቅሬታ ሁልጊዜ ይመጣል። ላስቲኩ በጭነት ሥር ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ በመስታወቱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጎድጓዶች ይሞላል፤ የፓስቸራይዘሩ ሙቀትም ይህን ያፋጥነዋል። ሲቀዘቅዝ የመስታወቱን መልክ እንደያዘ ይቀራል፤ ስለዚህ ለማንቀሳቀስ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጉልበት ይጨምራል። መለኪያው በታሸገ ሰዓት፣ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ተደጋግሞ መወሰድ አለበት፤ ቢያንስ አንዱ ልኬት ደግሞ ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ መሆን ይገባዋል፤ ሰው የሚከፍተው እንደዚያ ነውና። ጉልበቱ ከጨመረ በኋላ በአንድ ደረጃ ላይ ከቆመ፣ ንድፉን ለዚያ ደረጃ ማስተካከል ይበቃል። እየጨመረ ከቀጠለ ግን ላስቲኩ ለዚህ ሥራ የማይሆን ነውና መለወጥ አለበት።

ጋዝ ሲያፈተልክ

ጠርሙሱን በውኃ ውስጥ አስገብቶ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ ማየት አሁንም ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ማፍሰሱን ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያፈስ ይናገራል። አረፋው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚወጣ ከሆነ ቆርኪው ተንጋድዶ ተቀምጧል ወይም የከንፈሩ ወለል ጠፍጣፋ አይደለም። ከዙሪያው ሁሉ የሚወጣ ከሆነ መጫኑ አንሷል።

በአንድ ወቅት እያፈሰሰ ያስቸገረኝን ቆርኪ ከፍቼ ላስቲኩን በብርሃን አጋድሜ ስመለከት፣ የከንፈሩ አሻራ በአንዱ ወገን ጥልቅና ጥርት ያለ፣ በተቃራኒው ወገን ግን እስከ መጥፋት የደበዘዘ ነበር። ዲያሜትሩ ልክ ነበር፤ ማሽኑ ጠብቋል የሚል ቁጥር ይሰጥ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ቆርኪውን ከላይ በሚጫነው ዘንግ ሞላ ላይ ነበር፤ ሞላው ደክሞ አንዱ ወገን ቀድሞ ስለሚያርፍ ጥርሶቹ የሚታጠፉት ላስቲኩ ገና ሳይጨመቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የላስቲኩን አሻራ ሳላይ የዲያሜትሩን ቁጥር ብቻ አላምንም። ጥርሶቹ መታጠፍ ያለባቸው ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ከተጨመቀ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጥርሶቹ የሚይዙት ልቅ የሆነውን ላስቲክ ይሆናል።

ዲያሜትሩ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ሾጣጣው ቀለበት ተበልቷል። ይህ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዝግ ያለ ለውጥ ስለሆነ፣ የየዕለቱን ልኬት በመዝገብ ላይ ያልያዘ ሰው ቅሬታ እስኪመጣ ድረስ አያየውም። ቀለበቱ ይለወጣል እንጂ ማሽኑን በማውረድ አይካካስም።

ጣት ሲቆርጥ ወይም ሲያንሸራትት

የ1 ኒውተን ሜትር የማዞሪያ ጉልበት ትንሽ ይመስላል። 28.8 ሚሊ ሜትር በሆነ ቆርኪ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ ሲሰላ ግን፣ የቆዳና የብረቱ የሰበቃ ምጣኔ 0.3 ቢሆን እያንዳንዱ ጣት 116 ኒውተን ያህል መጫን ይኖርበታል፤ ይህም ወደ 12 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። አረጋዊ እጅ ወይም መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ይህን አይችልም፤ የረጠበ ጠርሙስ ሲሆን ደግሞ ለጤነኛውም ይከብዳል። ጥርሶቹ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፤ ቆዳው በጥርሶቹ መካከል ሲገባ በሰበቃ ብቻ ሳይሆን በመንከስም ይይዛል።

ታዲያ ጥርሱ ለመያዝ በቂ ሆኖ ላለመቁረጥ እንዴት ይሁን? ላሜራው በሚቆረጥበት ጊዜ የደነዘዘ መቁረጫ በጠርዙ ላይ ቀጭን ስለታም ከንፈር ይተዋል፤ ጣት የሚቆርጠው ጥርሱ ራሱ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መቁረጫውን መሳል እንጂ ጥርሱን ማሳጠር አይገባም። ከታሸገ በኋላ የጥርሶቹ ጫፍ ወደ ውጭ የሚያይበትን ማዕዘን መቀነስም ይረዳል፤ ጫፉ ወደ አንገቱ ዘንበል ሲል ጣት የሚያርፈው በስለቱ ላይ ሳይሆን በጥርሱ ጎን ላይ ይሆናል።

ዝገት

በቆርቆሮ ወይም በክሮም የተለበጠው ላሜራ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ራቁቱን ብረት ይወጣል፤ ከጥርሶቹ ሥር የሚቀር ውኃ እሱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ብረቱን ከአንገቱ ጋር አያይዞ መዞሩን ያከብደዋል። መፍትሄው ከታሸገ በኋላ የፈሰሰውን መጠጥ በውኃ አጥቦ በአየር ግፊት ማድረቅ ነው። መስታወቱ በፋብሪካ ሲሠራ የሚቀባው የቆርቆሮ ኦክሳይድ አንገቱ ላይ ከበዛም ዝገቱን ስለሚያፋጥን፣ ጠርሙሱን ከሚያቀርበው ክፍል ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ጥምዙ በሮለር የሚወጣለት የአሉሚኒየም ክዳን

በዚህ ክዳን ላይ እጅ የሚገጥመው ተቃውሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ላስቲኩ ከከንፈሩ ሲላቀቅ፣ ሌላው ክዳኑን ከታችኛው ቀለበት ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ድልድዮች ሲበጠሱ። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ከመጡ እጅ ድምራቸውን ይሸከማል። ለብቻ ሲለኩ ሁለቱም ደህና፣ ክዳኑ ግን አልከፈት ያለ እንደሆነ ጥርጣሬው እዚህ ላይ መሆን አለበት። ቀለበቱ በአንገቱ ጉብታ ሥር ሲታጠፍ ትንሽ ክፍተት ከተተወለት፣ ክዳኑ በመጠኑ ዞሮ ላስቲኩ ከለቀቀ በኋላ ብቻ ድልድዮቹ ይወጠራሉ፤ ድምሩም ይቀራል።

ቀለበቱ ሳይበጠስ አብሮ የሚወጣ ከሆነ ሮለሩ ከጉብታው ሥር በበቂ አላጠፈውም፤ ድልድዮቹ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ተበጥሰው የሚገኙ ከሆነ የሮለሩ የጎን ግፊት በዝቷል። ክዳኑ በባዶ የሚሽከረከር ከሆነ የወጣው ጥምዝ ጥልቀት አንሷል። ጥምዙ ደህና ሆኖ ጋዝ ካሳለፈ ደግሞ ከላይ የሚጫነው አናት ክዳኑን በከንፈሩ ትከሻ ላይ በሚገባ አላወረደውም፤ ላስቲኩ ከላይም ከጎንም መያዝ ሲገባው ከላይ ብቻ ይዟል።

ሲከፈት የሚፈናጠር ክዳን

ይህ ከምቾት አልፎ የዓይን አደጋ ስለሆነ በሌላ ማስተካከያ ሁሉ ላይ ቅድሚያ አለው። ምክንያቱ ጋዙ ከመውጣቱ በፊት ብረቱ ጥምዙን መልቀቁ ነው። በአንገቱ ላይ ያለው የጥምዝ ርዝመት አጭር ከሆነ ወይም ላስቲኩ ከመጠን በላይ ወፍራም ሆኖ ክዳኑ ከፍ ካለ በኋላም ማሸጉን ከቀጠለ ይህ ይደርሳል። ላስቲኩን ማሳሳት፣ ጥምዙን ማስረዘም ወይም ጋዝ የሚወጣበት ቀጥ ያለ መስመር በጥምዙ ላይ ማቋረጥ መፍትሄዎቹ ናቸው። ፈተናው በሞቀ ጠርሙስና ፊትን በሚከልል መከላከያ ይደረጋል፤ የጋዙ ድምፅ ክዳኑ ገና ጥምዙን እንደያዘ ካልተሰማ ያ ንድፍ ወደ ምርት አይገባም።