የተመለሰ ባንድ አልበም፦ ስንሰማና ሂስ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማሩ ጥቂት ልጆች፣ ጊታር የሚለማመዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያና እኔ ነን። ቡና ይፈላል፤ አንድ የሮክ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደመጣል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እያንዳንዱ የጻፈውን ይዞ መጥቶ ያነባል። ዘንድሮ የያዝነው ርዕስ አንድ ነው፦ ተበትኖ ወይም ጠፍቶ ከርሞ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አልበም ይዞ የመጣ የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ ያደገ የሮክ ዘርፍ) ባንድ።

በእንዲህ ዓይነት አልበም ላይ የሚጻፈውን የውጭ ሂስ አነባለሁ፤ የልጆቹንም አነባለሁ። ሁለቱም የሚሰናከሉበት ድንጋይ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሙዚቃውን መመዘን ትተው ባንዱ የጠፋበትን ዘመን ይመዝናሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሃያ ዓመት የተጠበቀ ሥራ ቢያንስ በወጉ ሊደመጥ ይገባዋል። ከዚህ በታች ስህተቶቹን እንዳየሁዋቸው አንድ በአንድ አነሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናፍቆትን እንደ ጥራት መቁጠር

ደብሊን ላይ የተመሠረተው ማይ ብለዲ ቫለንታይን «ላቭለስ» የተባለውን አልበሙን ያወጣው በ1991 ነው። ቀጣዩ «ኤም ቢ ቪ» የወጣው የካቲት 2013 ውስጥ ነበር። ከ21 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። አልበሙ በድንገት በባንዱ ድረ ገጽ ላይ ሲለቀቅ ገጹ የጎብኚውን ብዛት መሸከም አቅቶት ወደቀ። ሐያሲውም አድናቂውም እኩል ነው ያገኘው፤ ከዚያ የጽሑፍ ውርጅብኝ ተጀመረ።

ለዓመታት ስደት የቆየ ዘመድ የመጣ ዕለት መክሳቱን ማን ያያል? እንስመዋለን፣ እናለቅሳለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። መክሳቱን የምናየው በሳምንቱ ነው። አልበሙ በወጣበት ሌሊት የሚጻፍ ሂስም እንዲሁ እፎይታ ነው፤ እፎይታ ደግሞ ስለ አልበሙ አይናገርም፣ ስለ ጠባቂው እንጂ።

ያ አልበም 9 ዘፈን አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከ«ላቭለስ» ጋር በጣም የሚዛመዱ ናቸው፤ በመካከል ያሉት ቀለል ብለው ወደ ኪቦርድና ወደ ዘፋኝ ድምፅ ያደላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ድራሙ ገዝፎ፣ መዝጊያው የአውሮፕላን ሞተር እየመሰለ፣ ባንዱ ቀድሞ ወዳልነበረበት ቦታ ይሄዳሉ። የናፍቆት ጽሑፍ ሦስቱን የመጀመሪያ ዘፈኖች ይዞ «ያው ናቸው፣ አልተለወጡም» ብሎ ይቆማል። ዋናው ወሬ ያለው ግን አልበሙ መጨረሻ ላይ ነው። ለልጆቹ የምላቸው ይህንን ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ጻፉ፣ አትከልከሉ፤ ነገር ግን ወረቀቱን አስቀምጡትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳታዩት ሌላ ጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የቱ ቃል የናፍቆት እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

የሰውዬውን ታሪክ ከሙዚቃው ማስቀደም

ይህን ለማስረዳት ከሮክ ወጥቼ የራሳችንን ሰው ላንሳ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመታትም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ከታተመለት በኋላ መድረክ ላይ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አወጣ።

ስለዚህ አልበም ውጭ አገር የተጻፈውን ስታነቡ ታክሲው ሁሉም ቦታ ቆሟል። ታሪኩ እውነት ነው፣ ልብም ይነካል፤ እኔም ስሰማው ተነክቻለሁ። ግን አልበሙ የሚከፈተው 10 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ ትዝታ ነው፤ አብረውት የሚጫወቱት ከበሮና ቤዝ ብቻ ናቸው፤ የሚዘጋው ደግሞ በብቸኛ ፒያኖ ነው። የትዝታን ቅኝት ከልጅነቱ የሚያውቅ የጎንደር ሰው ስለዚያ 10 ደቂቃ ከፈረንጁ ሐያሲ የተሻለ ሊናገር ይችላል። የኛ ልጆች ግን የፈረንጁን ጽሑፍ ተርጉመው ስለ ታክሲው ጻፉ። ይህ ያንገበግበኛል።

«22 ዓመት ዝም ብለው»

ስሎውዳይቭ የእንግሊዝ ባንድ ነው፤ የሬዲንግ ልጆች። ሦስተኛ አልበማቸው በ1995 እንደወጣ ክሪኤሽን የተባለው አሳታሚያቸው አሰናበታቸው። በ2014 እንደገና ተሰባስበው መድረክ ላይ ወጡ፤ በግንቦት 2017 ደግሞ በባንዱ ስም የተሰየመውን አራተኛ አልበም አወጡ። ሁሉም ሰው «ከ22 ዓመት ዝምታ በኋላ» ብሎ ይጀምራል።

ዝም አላሉም። ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል ወዲያውኑ ሞሃቪ 3 የተባለ ባንድ መሥርተው እስከ 2006 ድረስ አምስት አልበም አውጥተዋል፤ ጊታሩ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማ የፎክ ሥራ ነው። ድራም መቺው ሳይመን ስኮት ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የራሱን ሥራ ሲሠራ ነበር። ይህን ያላወቀ ሐያሲ በ2017ቱ አልበም ውስጥ ዜማዎቹ ለምን እንዲህ እንደጠሩ፣ ቅንብሩ ለምን ቦታ ቦታውን እንደያዘ ሊያስረዳ አይችልም። «ዕድሜ አበሰላቸው» ብሎ ያልፋል። ያበሰላቸው ሥራ ነው። ባንዱ በጠፋበት ዘመን እያንዳንዱ ሰው ምን ሲሠራ እንደነበረ አንድ ምሽት ተቀምጦ መፈለግ ግማሹን ሂስ ይጽፍላችኋል።

የድሮውን ፍርድ መርሳት

የስሎውዳይቭ ሁለተኛ አልበም «ሱቭላኪ» በ1993 ሲወጣ የእንግሊዝ ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጦች አጣጥለውት ነበር። ጊዜው ፊታቸውን ብሪትፖፕ ወደተባለው የእንግሊዞች የጊታር ፖፕ የሚያዞሩበት ጊዜ ነው። ዛሬ ያው አልበም ሹጌዝ ከሚባለው ዘውግ (የጊታር ድምፅ የሚነባበርበት ሮክ) ምርጦች ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ በ2017 ለተመለሰው ባንድ የፈሰሰው ምስጋና ከፊሉ የካሣ ምስጋና ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ፦ ያኔ ለተበደለው አልበም የተከፈለ። አልበሙን እወደዋለሁ፤ ምስጋናው ይገባዋልም እላለሁ። ቢሆንም የዛሬን ሂስ የምታነቡ ሰዎች የትናንቱን አብራችሁ ካላነበባችሁ፣ ማን ለየትኛው አልበም እንደሚያጨበጭብ አታውቁም።

«ድምፁ ተበላሽቷል» ማለት

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኛ ቤት በየቅዳሜው የሚነሳ ነገር ነው። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የተከፈተ ዕለት ከወንድማማቾቹ ታናሹ ተነስቶ ስፒከሩን መታ መታ አደረገው። «ጋሼ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ።

ፋይሉ ደህና ነበር። የባንዱ መሪ ኬቪን ሺልድስ ጊታሩን የሚመታው የትሬሞሎውን ዘንግ (የክሮቹን ውጥረት የሚለውጠውን ብረት) በእጁ እንደያዘ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ዘንጉ ትንሽ ስለሚነቃነቅ ክሮቹ ይላላሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ድምፁም ይዋልላል። ካሴት ያደመጥን ሰዎች ይህን ድምፅ እናውቀዋለን፤ ክሩ የተሳበ ካሴት ልክ እንዲህ ይላል። ልዩነቱ ይህኛው ታስቦበት የተሠራ መሆኑ ነው። ስሎውዳይቮች ደግሞ ጊታራቸውን በሚያስተጋቡና ድምፁን አዘግይተው በሚደግሙ፣ በእግር በሚረገጡ ፔዳሎች አሳልፈው ንብርብር ያደርጉታል፤ የትኛው ጊታር ምን እንደሚጫወት መለየት ያቅታል።

አንዱ ልጅ «እንደ ማሲንቆ ነው» ብሎ ጻፈ። አይደለም። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ዜማውን እንደ ሰው ጉሮሮ ለይቶ ያወጣዋል። ንጽጽር ከተፈለገ በገና ይሻላል። የበገናን ድምፅ የሚያስነዝረው በአሥሩ ክሮችና በመቀመጫቸው መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው። እንዚራው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን በገና መሆኑ ይቀራል። በዐቢይ ጾም በገና ስንሰማ «ይነዝራል፣ አስተካክሉት» የሚል የለም፤ ንዝረቱ ራሱ እንደሚያጽናናን እናውቃለን። ሮኩንም በዚሁ ጆሮ ብንሰማው ኖሮ ጉርምርምታው ጉድለት ሳይሆን የሥራው አካል መሆኑ ይገባን ነበር። ታናሽየው ይህን ስነግረው ስፒከሩን ተወው፤ ዘፈኑንም ከመጀመሪያው አስጀመረው።

እውነተኛ የድምፅ ችግር ግን አለ፤ እሱም የኛ ነው። በቴሌግራም የመጣ፣ መጠኑ እስኪያልቅ የታመቀ ፋይል በስልክ ስፒከር ሲከፈት ቤዙ ይጠፋል፤ የድራሙ ጸናጽልም እንደ ዝናብ ካፊያ ይሆናል። ንብርብር ላይ ለቆመ ሙዚቃ ይህ ከባድ ነው። ደህና ኢርፎን ከጓደኛ ተዋሱ። በስልክ ስፒከር ብቻ የሰማችሁትን አልበም ስለ ድምፅ ጥራቱ አትፍረዱበት።

ወርቁን ፍለጋ

እኛ ቃል የምናዳምጥ ሕዝብ ነን። አዝማሪ ቤት ገብቶ ማሲንቆው እንዴት እንደተቃኘ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ጆሮውን የሚያቆመው «ተቀበል!» ሲባል ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ሰምና ወርቅ ስንፈትል አድገናል። ይህ ሀብታችን ነው፣ ጥያቄ የለውም። ነገር ግን ስሎውዳይቭ ላይ ስንደርስ ያሳስተናል።

ከማራኪ ልጆች አንዱ ከ2017ቱ አልበም የአንዱን ዘፈን ግጥም ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ቃል በቃል ተርጉሞ፣ ስድስት ገጽ ትንታኔ ይዞ መጣ። ድካሙን አከበርኩለት። ከስድስቱ ገጽ ውስጥ ግን ስለ ጊታር አንድ መስመር አልነበረም። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ የድምፃዊው ድምፅ ከጊታሮቹ ፊት አይቆምም፤ አብሯቸው ውስጥ ገብቶ እንደ አንድ መሣሪያ ይሠራል። ቃሉ ጥቂት ነው፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪም ሙሉ በሙሉ አይሰማም፤ እንዳይሰማም ሆኖ ነው የተቀናበረው። ስለዚህ መጀመሪያ ግጥሙን ሳታነቡ ስሙት። ድምፁ የት ከፍ ይላል? የወንዱና የሴቷ ድምፅ የት ይገናኛል? ቃሉ ሲጠፋ ምን ይተካዋል? ግጥሙን ከዚያ በኋላ ብታነቡት ይጠቅማል።

ነጥቡን ማመን፣ የጎደለውን ሰው መክሰስ

ፒክሲስ የቦስተን ባንድ ነው። ከ1991 በኋላ የመጀመሪያ የሆነው ሙሉ አልበማቸው «ኢንዲ ሲንዲ» በ2014 ወጣ። ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ ከ10 የሰጠው 2.5 ነበር። ሌሎች ጸሐፊዎች ደግሞ ደህና ነጥብ ሰጥተውታል። ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ እንደሚያደርገው ሁሉንም አንድ ላይ ጨምቆ አንድ ቁጥር ማውጣት ይህን ጠብ ይደብቃል። አንዱ 100 ሌላው 40 የሰጡት አልበምና ሁለቱም 70 የሰጡት አልበም አማካያቸው እኩል 70 ነው፤ የመጀመሪያው ሰው የሚያጣላ፣ ሁለተኛው ማንንም የማያስቀይም ሥራ ነው። አማካዩን ትታችሁ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሂስ አንብቡ፤ ሁለቱ ስለ የትኛው ዘፈን እንደሚጣሉ ፈልጉ።

በዚያ አልበም ላይ ብዙ የተደጋገመው ክስ የቤዝ ተጫዋቿና ድምፃዊቷ ኪም ዲል አለመኖር ነው፤ በ2013 ባንዱን ትታ ወጥታለች። ክሱ እውነት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም «እሷ የለችም» ማለት ሂስ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ጊል ኖርተን በ1989 የባንዱን የቀድሞ አልበም «ዱሊትል»ን የሠራው ያው ሰው ነው፤ እሱ ኖሮ ለምን አልበቃም? የእሷ ሁለተኛ ድምፅ የቱ ዘፈን ላይ ቢገባ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ቦታውን በጣት ማሳየት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ዳይኖሰር ጁኒየር የተባለው ባንድ የጥንቶቹ ሦስት አባላቱ ከ1988 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የቀዱትን «ቢዮንድ» በ2007 ሲያወጣ፣ ሰዎቹ ተሟልተዋል ብቻ ተብሎ መወደስም ያው ስህተት በግልባጩ ነው።

«ህልማዊ»፣ «ረቂቅ»፣ «አስማታዊ» የሚሉትን ቃላት ለአንድ ወር ተዉልኝ። ሌላ አልጨምርም።

ከመጨረሻው ዘፈን በፊት መነሳት

የስሎውዳይቭ የ2017 አልበም 8 ዘፈን ነው። ስምንተኛው «ፎሊንግ አሺስ» 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ጥቂት የፒያኖ ድምፆች እየተደጋገሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ፤ ሌላው ሁሉ በላያቸው ላይ ቀስ ብሎ ይረብባል። ከዚያ በፊት የነበረው የጊታር ደመና የለም። የሰማነው ዕለት በሁለተኛው ደቂቃ ስኒ መሰብሰብ ተጀመረ፣ ጫማ የሚያስርም ነበር። በልጆቹ ጽሑፍ ውስጥም ይህ ዘፈን አንድም ቦታ አልተነሳም። ስለ ሰባት ዘፈን የጻፉ ሰዎች በስምንቱ ላይ ፈረዱ።

የፋርማሲዋ እህታችን ግን በዚያ ዕለት «እባካችሁ ስኒውን አስቀምጡት፣ ይጨርስ» ብላ ነበር። ፒያኖው እስኪያልቅ ማንም አልተናገረም፤ ውጭ መሽቶ፣ ከሰሉም ዐመድ ለብሶ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ስለ 22 ዓመቱ አንድ ቃል የለበትም፤ የሚጀምረው ከስምንተኛው ዘፈን ነው።