9 ማለት ምን ማለት ነው? የመሥሪያ ቤት ዳታን እንዴት ሥርዓት ማስያዝ ይቻላል

አንድ ጊዜ የደንበኞች ሠንጠረዥ አጽዳ ተብዬ ተሰጠኝ። «ሁኔታ» የሚል ኮለም አለው። ውስጡ 1፣ 2፣ 3 እና 9 ገብቷል። 1 ንቁ፣ 2 የታገደ፣ 3 የተዘጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። 9ን የሚያውቅ ግን ጠፋ። አይቲ ወደ ሽያጭ ላከኝ፣ ሽያጭ ወደ ፋይናንስ። በመጨረሻ ሥራ የለቀቀ ባልደረባ ስልክ ተፈልጎ ተደወለ። «እሱማ ሁለቴ የተመዘገበ ደንበኛ ነው። ሲስተሙ መሰረዝ አልፈቅድ ሲለን 9 አልነው» አለ። በየወሩ በሚወጣው ሪፖርት ላይ ግን 9ኞቹም እንደ ደንበኛ ሲቆጠሩ ኖረዋል።

ሜታዳታ የሚባለው ይኸው ነው። 9 ዳታ ነው። «9 ሁለቴ የተመዘገበ ነው» የሚለው ደግሞ ሜታዳታ። ዳታ ማስተዳደር ማለት ይህን ማን ይወስናል፣ የት ይጻፋል፣ ማን ይቀይረዋል በሚለው ላይ መስማማት ነው። ብዙ ቦታ ሥራው የሚጀመረው ውድ ሶፍትዌር በመግዛት ነው። እኔ አልመክርም። የሚጻፍበት ነገር ሳይኖር የሚገዛ ሶፍትዌር ባዶ መደርደሪያ ነው።

1. ከሚያጨቃጭቅ አንድ ቁጥር ጀምሩ

«ያለንን ዳታ በሙሉ እንመዝግብ» ብላችሁ አትነሱ። መንገድ ላይ ይደክማችኋል። ስብሰባ ላይ ሁሌ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ አንድ ቁጥር ምረጡ። ለምሳሌ «ስንት ንቁ ደንበኛ አለን?» የሚለውን። ሦስት ክፍሎችን ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። ማንም አልዋሸም። ሽያጭ ውል የፈረመውን ይቆጥራል፣ ፋይናንስ ባለፉት 90 ቀናት የከፈለውን፣ የደንበኞች አገልግሎት ደግሞ አካውንቱ ያልተዘጋውን።

2. የቁጥሩን መንገድ በወረቀት ላይ ሳሉ

መጀመሪያ የት ተመዘገበ? ከዚያ ማን ገለበጠው? ወዴት ላከው? የሚሠሩበትን ሰዎች አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁ። አለቆቻቸው የሚያውቁት መሆን ያለበትን ነው፤ የሆነውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መሀል ላይ ማንም ያላሰበው የኤክሴል ፋይል ብቅ ማለቱ አይቀርም።

እንዲህ ያለው ፋይል ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች በአሮጌው የኤክሴል ፎርማት በኩል ያልፉ ነበር። ፎርማቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ወደ 16,000 የሚጠጉ በበሽታው የተያዙ ሰዎች በጊዜው ከሪፖርቱ ውጪ ቀሩ።

3. ባለቤት ስጡት

ባለቤቱ ትርጉሙን የሚወስነው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም አይቲ ውስጥ አይገኝም። አይቲ ማስቀመጫውን ይጠብቃል እንጂ «ንቁ ደንበኛ» ማን እንደሆነ መወሰን ሥራው አይደለም። ኮሚቴ ባለቤት አድርጋችሁ አትሰይሙ፣ ጥያቄ ሲመጣ ስልክ የሚያነሳ አይኖርም። ስትጽፉም ከሰውየው ስም ይልቅ የሥራ መደቡን ጻፉ። ሰው ይለቃል።

4. መዝገበ ቃላቱን ጻፉ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። የየኮለሙ ትርጉም የሚጻፍበት፣ ሁሉም የሚከፍተው አንድ ፋይል ይበቃል። የኛው «ሁኔታ» በመጨረሻ እንዲህ ተጻፈ፦

ስም፦ የደንበኛ ሁኔታ
ትርጉም፦ ደንበኛው ዛሬ አገልግሎት ማግኘት ይችላል ወይስ አይችልም
የሚገቡ ኮዶች፦ 1 ንቁ፣ 2 የታገደ፣ 3 የተዘጋ፣ 9 ሁለቴ የተመዘገበ (ሪፖርት ላይ አይቆጠርም)
የሚመጣው፦ ከምዝገባ ሲስተሙ፣ በየሌሊቱ
ባለቤት፦ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

ስድስት ሰው አንድ ሙሉ ከሰዓት የተከራከረው በትርጉሙ መስመር ላይ ነው። ቢያደክምም ዋናው ሥራ እሱ ነበር።

ለቁጥር መለኪያውን ጻፉ፦ ኪሎ ነው ኩንታል? ለቀን አንድ አጻጻፍ ምረጡ። 03/04/2024 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው። አይሶ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ 2024-04-03 ብሎ ከዓመቱ ይጀምራል፣ አያምታታም፣ በቅደም ተከተል ለመደርደርም ይመቻል። ስልክ ቁጥር ደግሞ፣ ስሙ ቢያሳስትም፣ ቁጥር አይደለም። አይደመርም፣ አይካፈልም። እንደ ጽሑፍ ካልተመዘገበ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ይበላዋል። ኤክሴል አንዳንድ የጂን (የዘረመል) ስሞችን ወደ ቀን እየቀየረ ሳይንቲስቶችን ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሰው ጂኖች ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሞቹን ራሳቸውን ቀየራቸው። ሶፍትዌሩን ከመጠበቅ ስሙን መቀየር ቀለለ ማለት ነው።

5. ማን ያያል? መቼ ይጠፋል?

ዳታውን በሦስት ክፈሉት፦ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የውስጥ፣ የግለሰብ መረጃ ያለበት። ለሦስተኛው የሚያየውን ሰው ቁጥር አሳንሱ፣ የሚሰረዝበትንም ጊዜ ጻፉ። የአገራችሁ ሕግ የሚለውን ከሕግ ባለሙያችሁ ጠይቁ።

6. ለውጥን በበሩ አስገቡ

አዲስ ኮድ ወደ ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት መዝገበ ቃላቱ ላይ ይጻፍ። ሌላ ሕግ ባይኖራችሁ እንኳ ይህ ይኑራችሁ። ከዚያ በወር አንዴ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ ባዶ የቀሩ ቦታዎች፣ የተደጋገሙ ረድፎች፣ መዝገበ ቃላቱ ላይ የሌሉ ኮዶች።

እኛ ዘንድ በሁለተኛው ወር ፍተሻ 7 የሚል ኮድ ብቅ አለ። ያው ልማድ ነው፣ አንዱ ቸኩሎ አስገብቶታል። መዝገቡን ከፈትኩ፣ ባለቤቱን አየሁ፣ ደወልኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 7 ወደ 2 ተመለሰ።